ስንት ቢኖረን ይበቃናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እነሆ በዐቢይ ጾም ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ለ55 ቀናት ተሰናብተናል። ቢላዋው ታጥቦ ተሰቅሏል፤ የፍስኩ ድስትም ተፈትጎ ወደ ጓዳ ገብቷል። ይህን ከእናቶቻችን ስለተማርነው ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ነገር ግን ከድስቱ ትንሽ ራቅ ያለ ነው። ሆዳችን ሲጾም ፍላጎታችንስ አብሮ ይጾማል ወይ? ሰው ስንት ቢኖረው ነው ‹‹አሁንስ በቃኝ›› የሚለው?

ይህ የገዳማውያን ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለፉት 70 እና 80 ዓመታት ብዙ የተማሩ የዓለም ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ ሃይማኖት ያልነበራቸው ጭምር፣ በዚሁ ጥያቄ ሲጨነቁ ኖረዋል። እስቲ መጀመሪያ እነርሱን እንስማቸው፤ ከዚያ ወደ ራሳችን እንመለሳለን።

ጠግበው የተጨነቁ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ አውሮፓ ፈራርሳ ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ግን ሳይነኩ ቆመው ነበር። ትናንት ታንክና አውሮፕላን ሲሠራ የነበረው ማሽን በማግስቱ መኪና፣ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ መሥራት ጀመረ። በ1950 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን ያለው የአሜሪካ ቤት ከ10 አንድ ያህል ነበር፤ በ1960 ግን ከ10 ወደ 9 ደረሰ። ምዕራብ አውሮፓም በአሜሪካ እርዳታ ተጠግና በዚያው መንገድ ተከተለች። ለብዙ ዘመን ሰው የሚፈራው ረሀብ ነበር፤ አሁን ፋብሪካው የሚፈራው ሌላ ሆነ፦ ዕቃው ተሠርቶ ገዢ እንዳይጠፋ።

በዚህ ጊዜ ነው አንዳንድ ሰዎች ‹‹ቆይ፣ ወዴት እየሄድን ነው?›› ብለው መጠየቅ የጀመሩት። ቫንስ ፓካርድ የተባለው ጋዜጠኛ በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ የማስታወቂያ ባለሙያዎች የሰውን ፍርሃት፣ ቅናትና ምኞት እያጠኑ፣ እሱ ራሱ ሳያውቀው እንዴት እንደሚያስገዙት አጋለጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ዕቃ ሆን ተብሎ ቶሎ እንዲያረጅ፣ ሳያረጅም ‹‹ያረጀ›› እንዲመስል እንደሚደረግ ጻፈ። ጆን ኬኔት ጋልብሬዝ የተባለው የሃርቫርድ የምጣኔ ሀብት መምህር በ1958 ሌላ ነገር አስተዋለ፦ በየቤቱ የግል ዕቃ ሲትረፈረፍ የጋራው ትምህርት ቤት፣ የጋራው መንገድና የጋራው አየር እየተጎሳቆለ ነው። ከዚህም በላይ ዕቃውን የሚሠራው ኩባንያ የዕቃውን ጥም ጭምር ይሠራል አለ። ውኃ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ጨው እንደሚያልስ ማለት ነው።

ከናዚ ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ ከገቡት አንዱ ኸርበርት ማርኩዘ በ1964 እ.ኤ.አ. እውነተኛውን ፍላጎት ከሐሰተኛው ለየ። ሌላው ኤሪክ ፍሮም ደግሞ በ1976 ሰው ‹‹ምን አለኝ›› እያለ ሲኖር ‹‹ምን ነኝ›› ማለትን እንደሚረሳ አስተማረ። በመሐሉ፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ሪቻርድ ኢስተርሊን የተባለ ምሁር ከ1946 እስከ 1970 የተሰበሰቡ መጠይቆችን አመሳክሮ የአሜሪካውያን ገቢ እጅግ ሲያድግ ‹‹ደስተኛ ነኝ›› የሚለው ሰው ቁጥር ግን አብሮ እንዳልጨመረ ጻፈ። በኋላ የመጡ ምሁራን በዚህ ተከራክረውበታል፤ ክርክሩም አላበቃም። ይሁን እንጂ ዕቃ በጨመረ ቁጥር ደስታም በዚያው ልክ ይጨምራል ብሎ በድፍረት መናገር ከዚያ ወዲህ ቀላል አልሆነም።

አያችሁ ወገኖቼ! ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የነገረንን ያንን ባለጠጋ አስታውሱት። እርሻው ስላፈራለት ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ አቀደ፤ ነፍሱንም ለብዙ ዓመት ተደላደይ ሊላት አሰበ፤ በዚያች ሌሊት ግን ነፍሱ ተጠራች። እነዚህ ምሁራን ብዙ ገጽ ጽፈው የደረሱበት ደጅ ከዚህ ጎተራ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ይህ ለሃና ሰው ምን ይሆነዋል?

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ሰው ተነሥቶ ሊያስቆመን ይገባል። ‹‹እነዚህ ሁሉ ጠግበው የጻፉ ናቸው። የጠገበ ሰው ‹ምግብ ከንቱ ነው› ቢል ምን ይደንቃል? እኛ ገና መች ጠገብንና!›› ቢለን ትክክል ነው። ተቃውሞው ከባድ ስለሆነ አልፈነው መሄድ የለብንም።

ሃናን እንውሰድ። ሃና በደቡብ ኦሞ የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ዲሜና ባጫ የሚባሉ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከሌላ አካባቢ ለሥራና ለሰፈራ የመጡም ብዙ ናቸው። ለጀሪካን ውኃ ረጅም መንገድ የምትሄድን እናት ‹‹ልጄ፣ ፍላጎትሽን ቀንሺ›› ብንላት ስብከት ነው ወይስ ስድብ? ልጇን ሐኪም ጋ ለማድረስ መኪና የምትጠብቅን ሴት ‹‹መኪና የዘመኑ ጣዖት ነው›› ብንላት በምን ፊታችን?

ለዚህ መልሱን ጾም ራሱ ያስተምረናል። ጾም ሰው በፈቃዱ የሚተወው ነው፤ ረሀብ ግን ሳይፈቅድ የሚደርስበት ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ባዶ ሆድ ናቸውና። በመካከላቸው ግን የሰው ነጻ ፈቃድ አለ። ስለዚህ ማንም ሰው በሌላው ላይ ረሀብ ጭኖ ‹‹ጾም ነው›› ሊለው አይችልም። ‹‹ይበቃኛል›› የሚለውን ቃል እያንዳንዱ ለራሱ ይናገረዋል፤ ‹‹ይበቃሃል›› ብሎ ለድሀ መናገር ግን ግፍ ነው።

ደግሞም የዚያች እናት ፍላጎት ወሰን አለው። ውኃው ሲመጣ ጥሙ ይቆማል። ልጁ ሲድን ጭንቀቷ ያልፋል። እውነተኛ ፍላጎት ሲሞላ ያርፋል። ሐሰተኛው ግን ሲሞላ ይብስበታል፤ ምክንያቱም መለኪያው ጎረቤት ነው፣ ጎረቤት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አባቶቻችን ‹‹የሰው ወርቅ አያደምቅ›› ያሉት በሰው ወርቅ ራሱን የሚለካ ሰው መቼም እንደማያርፍ አይተው ነው። እንግዲህ የምሁራኑ ወቀሳ ያቺን እናት አይነካትም። የሚነካው እኔንና አንተን፣ አንቺንም ነው፤ ሁለተኛ ጫማ ገዝተን ሦስተኛውን የምናስበውን።

በሻይ ስኒያችን ውስጥ ያለው

ይሁንና ሃና ሌላ ነገርም ታስተምረናለች። በጥር 2003 ዓ.ም. የአርብቶ አደሮች ቀን ጂንካ ላይ ሲከበር የኦሞን ሸለቆ በስኳር ልማት የመቀየር ዕቅድ በይፋ ተነገረ። የኦሞ ኩራዝ የስኳር ፕሮጀክት የተባለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአካባቢው ሸንኮራ አገዳ ለመለመ፣ ፋብሪካም ቆመ፣ መንገድም ተከፈተ፣ ከሩቅ ሀገር የመጣ ወጣትም ሥራ አገኘ። ይህ ሁሉ በረከት አለው፤ አንክድም። በላይ በኩል ደግሞ የጊቤ 3 ግድብ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ትልቅ ሥራ ነው። መብራቱ የሁላችንንም ቤት ያያል።

ነገር ግን በኦሞ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያርሰው በጎርፍ ነበር። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ውኃው ሲሸሽ ባረሰረሰው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል። ግድቡ ውኃውን ከያዘ ወዲህ ያ ጎርፍ እንደ ቀድሞው አልመጣም። ከብቱ ይግጥበት የነበረው መሬትም ከፊሉ አገዳ ሆነ።

እኛ ስኳር ኃጢአት ነው፣ ግድብም ክፉ ነው አላልንም። ሀገር መብራትና ሥራ ያስፈልጋታል። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ በጾም ቀን በሻያችን የምንጨምረው ስኳር በሥርዓተ ጾም አይከለከልም፤ ፍቅር ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል። ይህ እኔ ጋ ሲደርስ ማን ምን ከፈለ? ሂሳብ ከፍለናል ብለን ዕዳ የለብንም ማለት አይደለም። የማናየው ሰው ማሽላ በስኒያችን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዕቃን ከሠራውና መሬቱን ከለቀቀለት ሰው ለይቶ፣ አንጸባርቆ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የሸማችነት ባህል ትልቁ ብልሃት ነው። ክርስቲያን ግን ከዕቃው ጀርባ ሰው እንዳለ ያስታውሳል፤ ድርሻው እንዲጠበቅለትም ይጠይቃል።

ሰውን ራሱን እንደ ዕቃ ማየት ደግሞ አለ። ከሩቅ ሀገር የሚመጣው ቱሪስት በማጎ በኩል ወደ ሙርሲ ሄዶ፣ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገችን ሴት በፎቶ ልክ ከፍሎ አንሥቷት ይመለሳል። ስሟን አይጠይቅም፤ ልጇ ታሞ እንደሆነም አያውቅም። በሙርሲዎች ዘንድ ብዙ ዘመን ያጠናው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን በ2004 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር ጽፏል። ለመሆኑ እኛስ ከመሐል ሀገር ሄደን ከዚያ የተሻለ እናያቸዋለን? በስልካችን ቀርጸን ‹‹ጉድ እዩ›› እያልን የምንለጥፈው እኛ አይደለንም?

ቦዲዎች ለከብታቸው ቀለምና ዝንጉርጉርነት የረቀቀ ስያሜ እንዳላቸው፣ ሰውም ከአንድ የከብት መልክ ጋር ተዛምዶ እንደሚያድግ ጃፓናዊው ተመራማሪ ካትሱዮሺ ፉኩይ ጽፏል። ለእነርሱ በሬ የሚሸጥ ኪሎ ብቻ አይደለም፤ ዝምድና ነው፣ ጥሎሽ ነው፣ መታወቂያ ነው። ይህን የምናነሣው እዚያ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም፤ በከብትም ሰው ይጋደላል፣ በደልና ቂም እዚያም አለ። ሰው ካለው ነገር ጋር ሌላ ዓይነት ዝምድና ሊኖረው እንደሚችል ለማየት ነው። የእኛስ ዕቃዎች ስም አላቸው? ወይስ የዋጋ ወረቀት ብቻ?

ጫማውን ማን አየው?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ስሕተት እንዳንገባ እንጠንቀቅ። ጂንካ ገበያ ላይ የቀን ሥራ ሠርቶ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ባለ ስም ጫማ የሚያጠፋ ወጣት ብናይ ‹‹አይ የዘመኑ ልጅ!›› ለማለት ምላሳችን ይቸኩላል። ነገር ግን ያ ልጅ የገዛው ጫማ ብቻ ነው? ክብር ፈልጎ ቢሆንስ? ባረጀ ጫማ ሲመጣ ‹‹ዞር በል›› ያልነው፣ በአዲሱ ሲመጣ ‹‹ወንድም፣ ግባ›› ያልነው እኛ ብንሆንስ?

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ወደ ጉባኤ ስለገቡ ሁለት ሰዎች ይናገራል፤ አንዱ የወርቅ ቀለበት ያደረገ፣ ሌላው ያደፈ ልብስ የለበሰ። ለአንዱ መልካም ስፍራ፣ ለሌላው ከእግር በታች መስጠትን አጥብቆ ይገሥጻል። እስቲ ራሳችንን እንመርምር። በሠርጋችን ላይ የመኪናውን ብዛት የምንቆጥር እኛ፣ በማኅበራችን ‹‹የዘንድሮው ድግስ ከአምናው ቀለለ›› የምንል እኛ፣ ለለቅሶ እንኳ ድንኳን የምናወዳድር እኛ አይደለንም? ማስታወቂያ ባይኖር እንኳ የእኛ ዐይን ለሰው በቂ ማስታወቂያ ነው። እነ ፓካርድ የወቀሱት ኩባንያውን ነበር፤ ወንጌል ግን ኩባንያውን ብቻ ወቅሶ እኛን አያልፈንም።

የቅዱሳን አባቶችም ትምህርት ይኸው ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በሀገሩ በቀጰዶቅያ ድርቅና ረሀብ በሆነ ጊዜ ስለዚያ ባለ ጎተራ ሰው ሰብኳል። የተረፈን እንጀራና ቁምሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ የተራበውና የታረዘው ሰው ንብረት እንደሆነ አስተምሯል። አስተምሮም አልቀረ፤ ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ አሠርቷል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ሀብትን ለድሀ አለማካፈል ከድሀው መስረቅ ነው ብሏል። ልብ በሉ፦ ሁለቱም ድሀውን ‹‹አትፈልግ›› አላሉትም። ባለጠጋውን ‹‹አትያዝ›› አሉት እንጂ።

የሀገርም ጾም አለው

ነገሩ የግለሰብ ብቻ አይደለም። በሀገራችን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተባለው ዐዋቂ፣ በ1919 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነቱ ያረፈው፣ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1924 እ.ኤ.አ. ታትሞለታል። ጥሬ ዕቃ በርካሽ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ በውድ የሚገዛ ሕዝብ ነጻ ቢመስልም በንግድ ተገዢ እንደሚሆን ያን ጊዜ አስጠንቅቋል። ጋልብሬዝ ከመጻፉ ከ30 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው! እርሱ ግን ‹‹አትፈልጉ›› አላለም፤ ‹‹ዕወቁ፣ ሥሩ›› ነው ያለው። በገብር ኄር እሑድ የምንሰማው የመክሊት ምሳሌም እንዲሁ ነው። የተገሠጸው መክሊቱን የቀበረው ሰነፍ ነው እንጂ ሠርቶ ያተረፈው አይደለም። ስለዚህ ‹‹ይበቃኛል›› ማለት ስንፍና አይደለም። ለመሥራት ብርቱ፣ ለመያዝ ግን ልል መሆን ነው።

ጾማችን ገበያ እንዳይሆን

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ዛሬ ዛሬ ጾም ራሱ የገበያ ወቅት ሆኗል። የጾም ኬክ አለ፣ የጾም በርገር አለ፣ የጾም አይስክሬም አለ። ከአዘቦቱ ቀን ምሳ የሚበልጥ ዋጋ ያለው የጾም ቡፌ አለ። ሥጋውን ትተን ፍላጎቱን ግን በሌላ ሳህን አቀረብንለት። ሳምንታቱ ሲያልቁ ደግሞ የፋሲካ ባዛር ይመጣል፤ በሬው፣ ዶሮው፣ አዲሱ ልብስ፣ አንዳንዴም በብድር። ትንሣኤን ያከበርነው ባዶውን መቃብር አይተን ነው ወይስ ሙሉውን ማቀዝቀዣ?

ከጾሙ ሦስተኛው ሳምንት ምኩራብ ይባላል። ጌታችን ነጋዴዎችንና ገንዘብ ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበትን የምናስብበት ነው። እርሱ ገበያን ከገበያ ቦታ አላባረረም፤ ከጸሎት ቤት ነው ያባረረው። ገበያ የራሱ ቦታ አለው፤ ሸጦ ማደር፣ ገዝቶ መብላት ነውር የለበትም። ችግሩ ወደማይገባበት ሲገባ ነው፦ ወደ ጾማችን፣ ወደ ልቅሷችን፣ ወደ ሠርጋችን፣ ሰውን ወደምናይበት ዐይናችን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ሰው ባያየኝ ኖሮ እፈልገው ነበር? ሳገኘው ጥሜ ያርፋል ወይስ ይብሳል? ይህ እኔ ጋ እስኪደርስ ማን ምን ከፈለ? ሦስቱን አልፎ ከመጣ በምስጋና ግዙት፤ አትጨነቁ።

ሁለተኛ፣ ከጾም የተረፈውን እንቁጠር። ፍትሐ ነገሥታችን በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ተናግሮ ሲያበቃ ቀጥሎ በአንቀጽ 16 ስለ ምጽዋት ይናገራል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይመስለንም። በዲድስቅልያም ከጾም የሚተርፈው ለችግረኛ እንዲሰጥ ታዝዟል። ሥጋና ወተት ባለመግዛታችን በወር ስንት ተረፈን? ያ ገንዘብ ከኪሳችን ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ማዕድ ካልደረሰ፣ ጾማችን ቁጠባ ሆነ እንጂ ጾም አልሆነም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም የተራበን ማጉረስና የተጨቆነን ነጻ ማውጣት እንደሆነ ይነግረናል።

ሦስተኛ፣ ዐይናችንን እናስጹም። በዚህ ጾም ሰውን ‹‹ምን ለበሰ›› ብለን ሳይሆን ‹‹እንደምን አለ›› ብለን እንየው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማው ያለቀ ሰው ሲመጣ ቀድመን ስፍራ እንልቀቅለት። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሰውን ግን ከብዙ ከንቱ ወጪ ያድነዋል፤ ሳይገዛ ተከብሯልና።

ስንት ቢኖረን ይበቃናል ብለን ነበር የጀመርነው። ቁጥር አላገኘንም፤ አይገኝምም። ለብቻው የሚበላ ሰው የዓለሙ ስኳር ሁሉ ቢሰጠው አይበቃውም። አንዷን እንጀራ ከባልንጀራው ጋር የሚቆርስ ግን ‹‹ተመስገን፣ በቃን›› ይላል። ‹‹በቃኝ›› ከማለት ‹‹በቃን›› ማለት ይሻላል። በሃናም፣ በጂንካም፣ በአዲስ አበባም የሚኖር ወንድማችን በዚያ ‹‹በቃን›› ውስጥ እስኪገባ ድረስ እኛም ገና አልጠገብንም።

አምላካችን እግዚአብሔር ጾሙን የበረከት፣ የይቅርታና የመተሳሰብ ጾም ያድርግልን። በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።